ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ስለ ሞተር ሳይክል ጎማና ፍሬን ብሎኖች የማጥበቂያ ልክ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከጋራዥ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየናችን የቦርድ አባላት፣
የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
ከወረዳና ከዞን የመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣
ውድ አባል አርሶ አደሮችና ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፤



ዛሬ ስለ ምርት ግብይት፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ሪፖርት ስትሰሙ ውላችኋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ርዕሱ ብሎን ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ ያያችሁት ሥራ ሁሉ በምን ተጉዞ እንደተሠራ እስቲ አስቡት። የማኅበራት አደራጁ፣ ሒሳብ መርማሪው፣ የግብዓት ባለሙያው መኪና በማይገባበት ቀበሌ የሚደርሱት በሞተር ሳይክል ነው። ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ የክረምቱን ጭቃና የበጋውን ኮረት የሚያልፉት በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጠው ነው። እነዚያን ሁለት ጎማዎች ከሞተሩ ጋር አስተሳስረው የሚይዙት ደግሞ ሁለት ፔርኖዎችና ጥቂት ዳዶዎች ናቸው። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው።

አባቶቻችን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ። ጎማ ፈንድቶ በመንገድ ዳር ጎሚስታ ዘንድ በችኮላ የታሰረ ዳዶም እንዲሁ ነው፤ በችኮላ ታስሮ በጉዞ ላይ ይፈታል። በመሆኑም ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ብቻ ነው። የጎማና የፍሬን ብሎን የሚጠብቅበት ልክ የሚገኘው ከመካኒኩ ክንድ ሳይሆን ከመጽሐፉ ነው፤ ያውም ከዚያው ሞተር መጽሐፍ።

ልክ ማለት ምን ማለት ነው?

ብሎን ስናጠብቅ የምናደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል በባለሙያ ቋንቋ ቶርክ ይባላል። ቶርክ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፤ የተጫንበት ክብደትና የቁልፉ ክንድ ርዝመት። 1 ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ ጫፍ ላይ 1 ኪሎ ብናንጠለጥል 1 ኪሎ ግራም ሜትር ሆነ ማለት ነው። በአሁኑ መለኪያ ይህ 9.8 ኒውተን ሜትር ነው።

ጠንካራ ጎልማሳ በ15 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ 40 ኪሎ ቢጫን 6 ኪሎ ግራም ሜትር፣ ማለትም ወደ 59 ኒውተን ሜትር ያደርሳል። ያው ሰው በዚያው ጉልበት ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስገብቶ ክንዱን 50 ሳንቲ ሜትር ቢያደርሰው 196 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሰውየው የተሰማው ድካም ያው ነው፤ ብሎኑ ላይ የደረሰው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። “እጄ ልኩን ያውቀዋል” የሚለው አነጋገር የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ብሎን ሲጠብቅ ጥቂት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ እንደ ጠንካራ ላስቲክ ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ ይይዛል። የሚይዘው ይኸው መለጠጡ ነው። ከምናወጣው ጉልበት ውስጥ ግን በግምት ግማሹ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ፍትጊያ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሱ ፍትጊያ ያልቃል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ጥርሱ ዝገት ወይም ጭቃ ካለበት ፍትጊያው ይበዛና ብሎኑ ሳይለጠጥ “ጠብቋል” ያሰኛል። ግራሶ ወይም ዘይት ከተቀባ ደግሞ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከመጠን በላይ ይለጠጣል። አምራቾች መጽሐፋቸው ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር ቁጥሩ ለንጹሕና ለደረቅ ጥርስ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቢላላስ? ከልክ በላይ ቢጠብቅስ?

የኋላ ፔርኖ ዳዶ ሲላላ ጎማው በመያዣው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ካቴናው ይጣመማል፤ ዳዶው በንዝረት እየተፈታ ይሄዳል። በታምቡር ፍሬን ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ለእርሻ ሥራ ተብለው የተሠሩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 በሁለቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። በዚህ ዓይነቱ የኋላ ፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመው ክዳን ከጎማው ጋር እንዳይዞር ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስረው ዘንግ አለ። ጎማ ለማውጣት ይህ ዘንግ ይፈታል። ጎማው ተመልሶ ሲገባ የዘንጉ ዳዶ ከተረሳ ወይም ከላላ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ያን ጊዜ ወይ ጎማው ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ወይ ፍሬኑ ጨርሶ ይጠፋል። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

ከልክ በላይ ማጥበቅም ጥንቃቄ አይደለም። ዲስኩን ከቸርኬው ጋር የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡት ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ውስጥ ነው። የፍሬኑን ሸራ መያዣ፣ ካሊፐር የሚባለውን፣ ከፊት አሞርዛተር ጋር የሚያስሩትም እንዲሁ። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ ጥርሱ ይላጣል። የተላጠ ጥርስ “ጠብቋል” እየተባለ ይወጣና በመንገድ ላይ ይነቀላል። የፍሬን ዘይት አየር ማስወጫዋ ትንሿ ብሎን ውስጧ ክፍት ነው፤ ልኳ ብዙ ጊዜ 6 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህ በ12 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። እንደ ጎማ ዳዶ በሙሉ ክንድ የተጫናት ሰው ይሰብራታል።

ቁጥሩ የት ይገኛል?

አርሶ አደሮች ይህንን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ለረጅም ዓመታት በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ ወጥ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን የአንዱ አካባቢ አፈር የጎደለው ነገር ከሌላው እንደሚለይ አሳየ። ለሁሉም አፈር አንድ ልክ እንደማይሠራ ሁሉ ለሁሉም ሞተርም አንድ የማጥበቂያ ልክ የለም።

ምሳሌ ልስጥ። በያማሃ መጻሕፍት ውስጥ ለተራ ብሎኖች የተዘጋጀ አጠቃላይ ሰንጠረዥ አለ። በዚያ ሰንጠረዥ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን 15 ኒውተን ሜትር ይላል። በሆንዳ አጠቃላይ ሰንጠረዥ ግን ያው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ተራ ብሎን 22 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለቱም የታወቁ አምራቾች ናቸው፤ ሁለቱም ለራሳቸው ብሎን ትክክል ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማዋል ስህተት ነው። ከዚህም በላይ እነዚህ አጠቃላይ ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በስም ተለይተው ላልተጻፉ ተራ ብሎኖች ነው። የፔርኖ ዳዶ፣ የካሊፐር ብሎን፣ የዲስክ ብሎንና የፍሬን ቱቦ ብሎን በጥገና መጽሐፉ ውስጥ በየስማቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። መወሰድ ያለበት ያ ነው።

ፍለጋው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።

አንደኛ፣ የሞተሩን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ለዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም መዝግቡ። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መሪው ከሚታሰርበት አንገት ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የጥገና መጽሐፉን እንጂ የተጠቃሚ መመሪያውን ብቻ አትያዙ። የተጠቃሚ መመሪያው ጥቂት ቁጥሮችን ሊሰጥ ይችላል፤ ሙሉው ዝርዝር ያለው በጥገና መጽሐፉ ነው። የሞተሩ ማሽንና የሻንሲው ክፍል ዝርዝር ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው፤ ጎማና ፍሬን ያሉት በሻንሲው ሥር ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ብቻ አንብባችሁ አትመለሱ፤ በጎኑ ያለውን ማስታወሻ አንብቡ። “ዘይት ይቀባ”፣ “የብሎን ማጣበቂያ ይደረግ”፣ “አዲስ ዳዶ ይግባ” የሚሉት ትእዛዞች የልኩ አካል ናቸው።

አራተኛ፣ መጽሐፉ ከሌለ በሻንሲ ቁጥሩ አስመጪውን ወይም የሞዴሉን ወኪል በጽሑፍ ጠይቁ። ከጎረቤት ወረዳ ሞተር ቁጥር መገልበጥ የሚቻለው ሞዴሉም ዓመቱም አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የቁልፍና የብሎን ቁጥር መምታታት ነው። በጋራዥ ልማዳችን ብሎንን የምንጠራው በቁልፉ ነው፤ “የ12 ብሎን”፣ “የ14 ብሎን” እንላለን። መጽሐፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ብሎኑ ጥርስ ውፍረት ነው። በጃፓን ሞተሮች በተለመደው አሠራር በ12 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ በ14 የሚፈታው 10፣ በ17 የሚፈታው 12 ሚሊ ሜትር ነው። በያማሃ ሰንጠረዥ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን 55 ኒውተን ሜትር ነው። “12” የሚለውን አይቶ ይህንን ቁጥር በ12 ቁልፍ በሚፈታው ብሎን ላይ ያዋለ ሰው፣ 15 መሆን የሚገባውን 55 አደረገው ማለት ነው። ብሎኑ ይበጠሳል፣ ወይም ጥርሱ ይላጣል።

ሁለተኛው የመለኪያ ስም ነው። የቆዩ መጻሕፍት በኪሎ ግራም ሜትር፣ አዲሶቹ በኒውተን ሜትር ይጽፋሉ። በጎኑ ደግሞ በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ ጫማ ይጻፋል። 1 ኪሎ ግራም ሜትር 9.8፣ 1 ፓውንድ ጫማ ደግሞ 1.36 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። መጽሐፉ 40 ኒውተን ሜትር ሲል መሣሪያውን በ40 ፓውንድ ጫማ የሞላ ሰው 54 ኒውተን ሜትር አጥብቋል፤ ከልኩ በላይ ከሲሶ ጨምሮበታል። ስለዚህ ቁጥር ሲገለበጥ የመለኪያው ስም አብሮ ይጻፍ።

ጎማ ሲመለስ

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ነውና ቅደም ተከተሉንም ላስታውስ። የእያንዳንዱ ሞዴል መጽሐፍ የራሱን ይናገራል፤ በብዙዎቹ የሚገኘው ግን ይህ ነው።

የፔርኖው፣ የዳዶውና የሮንዴላው ጭቃ ይጠረጋል፤ ጥርሱ ይጸዳል። በታምቡር ፍሬን ላይ የፔርኖው ዳዶ በልኩ ከመጥበቁ በፊት ጎማው ይሽከረከርና ፍሬኑ ተይዞ ይቆያል፤ ሸራዎቹ በታምቡሩ መካከል በትክክል ይቀመጣሉ። ከዚያም ዳዶው በልኩ ይጠብቃል፤ የክዳኑ ዘንግም በራሱ ልክ ይታሰራል።

ዳዶው እንደ ዘውድ የተሰነጣጠቀና ኮፒሊያ የሚገባበት ከሆነ፣ በልኩ ከጠበቀ በኋላ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ፊት ጥቂት ጨምሮ ማስገጠም ነው፤ ለማስገጠም ተብሎ ወደ ኋላ አይላላም። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። አንድ ጊዜ ታጥፎ የተቃና ሽቦ በሚቀጥለው ይሰበራል።

በአንዳንድ ሞተሮች የፊት ፔርኖ በአሞርዛተሩ ጫፍ ላይ ባለ መያዣ በትናንሽ ዳዶዎች ይያዛል። በመያዣው ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ምልክት ካለ መጀመሪያ የላይኞቹ ዳዶዎች፣ ቀጥሎ የታችኞቹ ይጠብቃሉ። ከታች የሚቀረው ትንሽ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ይዘጋ ተብሎ መታገል አያስፈልግም።

በመጨረሻም በዳዶውና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር አስምሩ። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል። ባለሙያው ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

መሣሪያውና ሚዛኑ

ልኩን የሚያሳየው መሣሪያ ቶርክ ሬንች ይባላል። ቁጥሩ ይሞላል፤ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ካለ ይበቃል። ሁለተኛ ጊዜ አይጫኑትም። በመለኪያው የታችኛው ጫፍ ላይ ትክክለኛነቱ ስለሚቀንስ ለፍሬን ትናንሽ ብሎኖች አንድ ትንሽ፣ ለፔርኖ አንድ ትልቅ ያስፈልጋል። ብሎን ለመፍታት አይውልም፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተመልሶ ይቀመጣል። የሚመረመርበት ሌላ ደንብ ከሌለ በአይኤስኦ 6789 ደረጃ መሠረት በየ12 ወሩ ወይም 5000 ጊዜ ከሠራ በኋላ ትክክለኛነቱ ይፈተሻል። ያልተፈተሸ ሚዛን ቡና ሻጩን እንደሚጎዳ ሁሉ ያልተፈተሸ ቶርክ ሬንችም ያሳስታል።

መሣሪያው እስኪገዛ ድረስ ምን እናድርግ ለምትሉ ማኅበራት፣ በየመጋዘናችሁ ያለው ባለ ስፕሪንግ ተንጠልጣይ ሚዛን ለፔርኖ ዳዶ ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል። መጽሐፉ 55 ኒውተን ሜትር አለ እንበል። 55 ለ9.8 ሲካፈል 5.6 ኪሎ ግራም ሜትር ይሆናል። ከዳዶው መሐል እስከ መሳቢያው ነጥብ በሜትር ለኩ። 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5.6 ለ0.30 ሲካፈል 18.7 ኪሎ ነው። ሚዛኑን በዚያ ነጥብ ላይ አስራችሁ፣ ቁልፉ ላይ ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ሳትነጥቁ በቀስታ ሳቡ፤ ወደ 19 ኪሎ ሲጠጋ አቁሙ። ክንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 14 ኪሎ ይበቃል። ሚዛኑ በጎን ሲያዝ ከዜሮ መነሳቱን አስቀድማችሁ እዩ። ይህ ዘዴ ግን ለፍሬን ትናንሽ ብሎኖች አይሆንም፤ እነዚያ ትክክለኛ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

ምን እንወስን?

ክቡራን የቦርድ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፤

ባለሙያውን ወደ ሩቅ ቀበሌ ስንልክ የምንሰጠው ነዳጅና የውሎ አበል ብቻ ሊሆን አይገባም። የሚጋልበው ሞተር በልኩ መታሰሩን ማረጋገጥ የላኪው ኃላፊነት ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላው የማኅበር ሊቀመንበር ወይም ገንዘብ ያዥ ተፈናጦ ይጓዛል፤ እነሱም ቤተሰብ አላቸው። ለዚህ ብዙ በጀት አያስፈልግም። በመሆኑም ጉባኤው ሦስት ነገሮችን እንዲወስን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ፣ በዩኒየኑና በአባል ማኅበራት እጅ ላለው ለእያንዳንዱ የሞተር ሞዴል የጥገና መጽሐፍ ይሟላ። የጎማና የፍሬን ቁጥሮቹ ከነመለኪያ ስማቸው በአማርኛ ተጽፈው በጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ቅጂውም ከሞተሩ ሰነድ ጋር ይያዝ።

ሁለት፣ ትንሽና ትልቅ ሁለት ቶርክ ሬንች ይገዛ። አንድ ማኅበር ብቻውን ባይችል የአንድ አካባቢ ማኅበራት በጋራ ይግዙ፤ ኅብረት ሥራ ማለት ይኸው ነውና።

ሦስት፣ የጎማ መመዝገቢያ ደብተር ይከፈት። ጎማ በወጣ ቁጥር ቀኑ፣ የተሞላው ልክና ያጠበቀው ሰው ስም ይጻፍ። በመንገድ ዳር ጎሚስታ የታሰረ ጎማ ሁሉ ሞተሩ እንደተመለሰ፣ በማግሥቱ ሥምሪት ከመውጣቱ በፊት፣ በጋራዡ እንደገና ይለካ።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የራሳችሁን ሞተሮች በዚሁ ሥርዓት እንድታስገቡ አደራ እላለሁ፤ የእናንተም ባለሙያ በዚያው ቁልቁለት ነው የሚወርደው።

ምርታችንን በኪሎ፣ መሬታችንን በሄክታር፣ ትርፋችንን በሳንቲም እንለካለን። የሠራተኞቻችንን ሕይወት የሚይዘው ዳዶም ይለካ።